ሲላክ አሥራ ሰባት፣ ሲደርስ ዘጠኝ

ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። የትናንት ሌሊቱን የሚፈታልኝ ሰው ስላላገኘሁ፣ ሳይበርድ እንደመጣልኝ አወራዋለሁ።

መጀመሪያ ግን የቀኑን ልናገር፤ ሕልሙ የመጣው ከቀኑ ነውና። እኔ በደረቅ ወደቡ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ባቡርና መኪና ከባሕር የሚያመጧቸው ኮንቴይነሮች አምስት አምስት ሆነው ተደራርበው በሚቆሙበት ሜዳ ላይ፣ በመሀላቸው እየገባሁ እጠርጋለሁ። ትናንት ሁላችንንም፣ ዘበኛውም ጽዳቱም ሳይቀር፣ አዳራሽ ሰብስበው አዲስ ሶፍትዌር አስተማሩን። ኮንቴይነር የሚከታተል ሶፍትዌር ነው። በኮንቴይነሮቹ መሀል የሚመላለስ ሰው ሁሉ በራቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ አራት የፈረንጅ ፊደልና ሰባት አኃዝ፣ በስልክ ያስገባል። ከዚያ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ይበራል። ዕቃው መርከብ ላይ ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን፣ ከአፍንጫችን ሥር ይሁን ይታወቃል።

አሠልጣኙ ቃልአብ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው። «ከዛሬ ወዲያ የሚጠፋ ነገር የለም» አለን። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እንድንጽፍ ሦስት ጊዜ ነገረን፤ ሦስት ጊዜም ረሳን። አለቃችን አቶ ጉግሳ በራሳችን አቆጣጠር ጽፈው፣ አንዱ ኮንቴይነር ወደቡ ሳይሠራ በፊት የደረሰ ሆኖ ወጣ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ሳቁ ሳያልቅ እጄን አወጣሁ።

«ለዕቃ ብቻ ነው የሚሠራው?» አልኩ።

«ለሌላ ለምን ፈለጉት እናት?» አለኝ ቃልአብ።

እጄን አውርጄ ተቀመጥኩ። ልጄ ማስተዋል ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። መጀመሪያ ላይ አንዳንዴ ትደውል ነበር። ድምፅዋን ከሰማሁ ግን ስምንት ወር ሆነኝ። ስልኳ ዝግ ነው፤ የላካት ደላላም ቁጥሩን ቀይሯል። የት እንዳለች የሚነግረኝ ሰው የለም። ይህን አዳራሽ መሀል ምን ብዬ አወራለሁ? ዋጥ አድርጌው ዋልኩ፤ ዋጥ እንዳደረግኩት ተኛሁ።

በሕልሜ እንደ ወትሮው በሁለት ሰዓት ከወደቡ በር ደረስኩ። ዘበኛው ሽፈራው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ጠበቀኝ።

«ፈትሺኝ እንጂ እትዬ ትርንጎ፣ ሰልፉ ረዘመ እኮ» አለኝ። ከኋላው ስድስት ዘበኞች እጃቸውን እንደሰቀሉ ተሰልፈዋል።

ፈተሽኩት። ከኮቱ ውስጥ የራሴ ምሳ ዕቃ ወጣ።

«ይኼ የማን ነው?» አልኩት።

«ያንቺ ነው። በልቼዋለሁ፤ ባዶውን ማስገባት ትችያለሽ።»

ገባሁ። ሜዳው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ነበሩ። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ አገጫቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው፣ አምስት አምስት ሆነው ተደራርበዋል። ጀርባቸው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል፤ አንገታቸው ላይ የብረት ማሸጊያ ተንጠልጥሏል። ኮንቴይነሮቹ ግን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ትንንሾቹ፣ ባለ ሃያ ጫማ ርዝመቶቹ፣ ፋይል ተሸክመው ይሯሯጣሉ፤ ትልልቆቹ ባለ አርባዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አንዱ ብርጭቆውን ዘቅዝቆ ያዘው። ሻዩ ወደ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ከአንዱ ክምር ሥር አለቃዬ አቶ ጉግሳ ነበሩ። አራት ሰው ተሸክመዋል።

«ምነው አቶ ጉግሳ?» አልኳቸው።

«እኔማ ደህና ነኝ። የላይኛው ሰውዬ ነው እያስነጠሰ የሚያናውጠን» አሉኝ። «እባክሽ ትርንጎ፣ ለዓርብ ፈቃድ ስጪኝ። ለቅሶ አለብኝ።»

«ማስረጃ ያምጡ» አልኩ። «ሟቹስ ምንዎ ነው? የቅርብ ካልሆነ አይቻልም።»

ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አፌ ነው። ወንድሜ የሞተ ጊዜ እሳቸው ያሉኝን ቃል በቃል ነበር የመለስኩላቸው። እሳቸውም እኔ እንዳደረግኩት «እሺ» ብለው አቀረቀሩ።

ከዚያ መንገድ ሳልሄድ አዳራሹ ውስጥ ተገኘሁ። ወንበሮቹ ላይ ኮንቴይነሮች ተቀምጠዋል። ከፊት የሚያስተምረው ሆዱ የተጨረመተ ሰማያዊ ባለ አርባ ነው፤ ድምፁ ግን የቃልአብ ነው። የጠፋ ሰው መከታተያ ሶፍትዌር መጥቷልና አጀማመሩን ላሳያችሁ እያለ ነበር።

«ለመጀመር በሩን ክፈቱ» አለ። «በሩ የሚከፈተው በምስጢር ቃል ነው። ምስጢር ቃሉን ለማንም አትንገሩ፤ ለራሳችሁም ቢሆን።»

ኮንቴይነሮቹ ጻፉ። አጠገቤ የተቀመጠች ቀይ ባለ ሃያ ታለቅስ ነበር። በሮቿ ግጥም ብለው ስለማይዘጉ ልቅሶዋ በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣል።

«ምን ሆንሽ እህቴ?» አልኳት።

«ሰው ጠፍቶብኝ ነው» አለችኝ። «ሹፌር ነበር። በሬን ሳይወረውር የሚዘጋ፣ ጎኔን በመዶሻ የማይደበድብ ደግ ሰው። ወጣ እንዳለ ቀረ።»

«ቁጥር የለውም?»

«በፉጨቱ ነው የማውቀው። ፉጨት ደግሞ አይመዘገብም አሉኝ።»

እጄን አወጣሁ። «ለሰው ይሠራል ማለት ነው?» አልኩ።

አንድም የሳቀ አልነበረም። ሰማያዊው ዘወር ብሎ አየኝ።

«ለሰው ብቻ ነው የሚሠራው» አለ። «ዕቃማ ማን ያጠፋዋል? ዕቃ ጠያቂ አለው።»

«እንግዲያው ልጄን ፈልጉልኝ።»

«እኛ አጀማመሩን ብቻ ነው የምናሳየው። ፈላጊዋ አንቺ ነሽ። ስም።»

«ማስተዋል።»

«የሚቀበለው አራት ፊደል ነው።»

ማ፣ ስ፣ ተ፣ ዋ ከፊቱ ወዳለው ማሽን ገቡ። ል በእጄ ላይ ቀረች። ትቢያ እንዳይነካት ብዬ በሽርጤ ኪስ ከተትኳት።

«ሰባት አኃዝ።»

ልጄን ስወልዳት ቁጥር አልሰጧትም። የማይነሣውን ስልኳን የመጨረሻ ሰባት አኃዞች ጠራሁ። እሱን ፊደል ሳልቆጥር በፊት ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ማሽኑ አኃዞቹን እንደ ቆሎ አንድ በአንድ ቆረጠማቸውና፣ ስልኩ ውስጥ ባለችው ሴትዮ ድምፅ «አሁን ማግኘት አይችሉም» አለ።

«ልማዱ ነው፤ ቀጥዪ» አለኝ ሰማያዊው። «ባለቤቷ ማን ነው?»

«አላገባችም።»

«ባል አልጠየቅኩሽም። የማን ናት?»

«የኔ ናት። እናቷ ነኝ።»

«እናት የሚል ቦታ የለውም። ላኪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ አጓጓዥ አለ።»

ካልመረጥኩ አይቀጥልም አለኝ። «ላኪ በሉኝ» አልኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ዝገት ዝገት አለኝ።

«ልጅቷ ስትንቀሳቀስ በምን እንቀስቅስሽ? በደወል፣ በዶሮ ወይስ በጎረቤት?»

«እኔ መች እተኛለሁ?»

«አሁን ተኝተሽ ነው የምታናግሪን» አለኝ። «በጎረቤት ብያለሁ። የተላከችበት ቀን።»

ይህንን ራሴ ልጻፈው ብዬ ለመንኩት። ማስተዋል ስትሄድ ስሜን እንኳ መጻፍ አልችልም ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት። ደብዳቤ ብትልክልኝ ጎረቤት ፊት ከማስነበብ ራሴ ላንብበው ብዬ ነው። ደብዳቤው አልመጣም፤ ፊደሉ ግን መጣልኝ። ምላሴን በጥርሴ ያዝ አድርጌ፣ አኃዙን አሳምሬ ጻፍኩ፦ ጥር 12 ቀን 2015። ከዚያ ቀና አልኩ። ይኼ የማን እጅ ነው የሚለኝ ቢመጣ የኔ ነው ልል ተዘጋጅቼ ነበር። የጠየቀኝ የለም።

ሁለት ባለ ሃያዎች ካርታውን ጫፍና ጫፉን ይዘው እንደ አንሶላ ዘረጉት። የባሕሩ በኩል ገና አልደረቀም፤ ያንጠባጥብ ነበር። ከአንሶላው ጥግ ቀይ ነጥብ ተነሣች። ስትሄድ ታነክሳለች። ማስቴ፣ ቤት ውስጥ የምጠራት እንደዚህ ነው፣ ጫማ ሲጠባት እንዲህ ነበር የምታነክሰው።

«እየመጣች ነው» አሉ ኮንቴይነሮቹ በአንድ አፍ፣ በሮቻቸውን ከፍተው።

ወጥቼ ሳይ ባሕሩ መጥቷል። በባቡሩ ሐዲድ ላይ እንደ ፉርጎ እየተጎተተ፣ ቀስ ብሎ ከበሩ ደረሰ። ሽፈራው አስቆመው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ውስጥ» አለ ባሕሩ።

«ይኼ ደረቅ ወደብ ነው። ሰሌዳውን አላየህም? በል እግርህን ጥረግ።»

ባሕሩ አፈረ። የኔን መጥረጊያ ተውሶ እግሩን ሲጠርግ የሜዳው አቧራ ሁሉ ጭቃ ሆነ። ይህን የማጸዳው እኔው ነኝ ብዬ በሕልሜም ተናደድኩ።

ከባሕሩ ላይ አንዲት ልጅ ወረደች። ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሳለች። አንድ የፊት ጥርሷ የለም። ቦርሳዋን በሆዷ በኩል አንግባለች። ማስቴ ናት፤ ግን በጥር የሸኘኋት የአሥራ ሰባት ዓመቷ ማስተዋል አይደለችም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት የነበረችው ማስቴ ናት።

«እማ» አለችኝ፣ «ዛሬ ከሥራ ቀድመሽ ወጣሽ እንዴ?»

ያን ጊዜ ስሕተቴ ገባኝ። ቃልአብ ሦስት ጊዜ የነገረን ነው። እኔ በራሳችን አቆጣጠር ጻፍኩ፤ ማሽኑ በፈረንጅ አነበበው፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ በዚያን ጊዜ የነበረችውን አመጣልኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ስሠራ ኖሬ እንዲህ ያማረ ስሕተት ሠርቼ አላውቅም። እጇን ያዝኩ፤ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ ነበረባቸው።

«ቤት እንሂድ» አልኳት።

ሄድን። ባሕሩን በጎን አልፈን፣ የተደረደሩትን ሰዎች አልፈን፣ አቶ ጉግሳን ሰላም ብለን ሄድን። መንገዱ ግን ዞሮ ዞሮ አንድ መስኮት ፊት ጣለን። ከመስኮቱ ኋላ ዝገት የበላው አሮጌ ባለ አርባ ተቀምጧል። መነጽር አድርጎ ወረቀት ይዟል። ሌሎቹ ጋሼ ይሉታል። ዕቃ የሚረከበው እሱ ነው።

«ላኪዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ወረቀቱ ሃያ አምስት ዓመት ይላል። ይቺ ስንት ናት?»

«ዘጠኝ» አለች ማስቴ ቀድማኝ። «ለመጋቢት አሥር ይሞላኛል።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ይጎድላል። የት አደረግሽው?»

«ስትሄድ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር» አልኩ።

«እንግዲህ ሦስት ዕድሜ ሆነ። ዘጠኝ ከዕቃው፣ ሃያ አምስት ከወረቀቱ፣ አሥራ ሰባት ካንቺ። የቱን ልመን?»

«እኔን እመኑኝ። እኔ ነኝ ያማጥኳት።»

«ምጥ ማስረጃ አይሆንም» አለ ጋሼ። «ማኅተም የለውም።»

ከኋላው የቆሙት ባለ ሃያዎች ሳቁ። ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ ሳቃቸው ያስተጋባል።

ጋሼ ወረቀቱን ወደኔ አዞረው። ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራ አለ። ሰማያዊ ነው፤ ስፋቱ አደባባይ ያህላል። በመስመሮቹ መሀል ሰዎች ዣንጥላ ይዘው ይሄዱበት ነበር።

«ይቺ ጣት ያንቺ ናት?»

ናት። ማስተዋል ልትሄድ ሰሞን ደላላው እናት ትፈርም ብሎ ያመጣው የሥራ ውል ወረቀት ነው። መፈረም ስለማልችል በጣቴ አተምኩበት። ጣቴን ወሰዱና የመኪናው ሚዛን ላይ አስቀመጧት። እኔ ከዳር ቆሜ ጣቴ ብቻዋን ተመዘነች። አርባ ቶን።

«ከባድ ጣት ናት» አለ አንዱ ባለ ሃያ። «ምን እያበላሽ ነው ያሳደግሻት?»

«ከሷ ይልቅ ልጅቷን ብታበዪያት ኖሮ አሥራ ስድስት ዓመት ባልጎደላት» አለ ሌላው።

«ዝም በሉ» አላቸው ጋሼ። «ደንቡ እንዲህ ነው። ወረቀቱ በባለ ጣቷ ፊት ይነበባል። ተነብቦ ዕቃው ከገጠመ ወደ አድራሻው ይሄዳል። ካልተነበበ አይንቀሳቀስም፤ ላኪው ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንብቢ።»

ከዚያ ሁሉ ቃል እኔ የሰማሁት «አንብቢ» የሚለውን ብቻ ነው። ሞኝነቴን ተመልከቱ፤ ደስ አለኝ። የለፋሁት ለዚህ ቀን ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጣቴን ከሚዛኑ አስመጥቼ ከፊደሉ ሥር አደረግኩ።

«እኔ…» አልኩ። የማስቴ እጅ በእጄ ውስጥ ወፈር አለ። «ስሜ… ከዚህ… በታች…» ዝቅ ብዬ ሳይ የዩኒፎርሟ እጅጌ አጥሯል። የጎደለው ጥርስ በቅሏል። «የተጠቀሰው… እናት…» አልኩ። አናቷ ደረቴ ላይ ደረሰ።

አቆምኩ።

ባነበብኩ ቁጥር ልጄ ወረቀቱን ወደ መምሰል እየሄደች ነበር። ከጨረስኩት ሃያ አምስት ዓመት ይሞላታል፤ ትገጥማለች፤ ይወስዷታል።

«ምነው? ቀጥዪ እንጂ» አለ ጋሼ።

«ማንበብ አልችልም» አልኩ።

«አሁን ስታነቢ ሰማንሽ።»

«በቃሌ ነው። ሰው ሲል ሰምቼ ነው።»

ከባለ ሃያዎቹ መሀል አንድ ሰው ተነሣ። መምህር ይርዳው ነበሩ፤ የጎልማሶች መምህሬ። ቁምጣ ለብሰዋል፤ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል፤ በሕልሙ ተማሪው እሳቸው ነበሩ።

«ኧረ ታነባለች» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ከክፍላችን አንደኛ ናት። ባለፈው የጤና ጣቢያውን ማስታወቂያ ሳትደናቀፍ ነው የተወጣችው።»

«መምህር፣ እባክዎ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ምን ነካሽ ትርንጎ? ዕውቀት አያሳፍርም።»

«ዛሬ ያሳፍራል። ይቀመጡልኝ።»

ጋሼ የፊደል ገበታ አስመጣ። በበሩ ጫፍ ‹መ›ን ነካ። «ይቺ ምንድን ናት?»

«መነጽር» አልኩ።

‹በ›ን ነካ። «ይቺስ?»

«ሱሪ። ታጥቦ የተሰጣ ሱሪ።»

«ይቺስ?»

‹ተ›ን ሲነካ «መስቀል ናት» አልኩ፤ ጠጋ ብዬም ተሳለምኳት።

ኮንቴይነሮቹ ተንከተከቱ። «እኛ እንኳ በራችን ላይ የተጻፈውን እናውቃለን» አለች አንዷ። «ሱሪውን አውርዱላት፣ ደርቋል» አለ ሌላው። መምህር ይርዳው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ስሜን የጻፍኩ ቀን ደብተሬን አቅፌ ነበር የተኛሁት። አሁን ፊደሎቹን አንድ በአንድ ካድኳቸው፤ እነሱም ከገበታው ላይ ሆነው ዝም ብለው አዩኝ። ይሳቁ፣ ደንቆሮ ይበሉኝ አልኩ በልቤ። የልጄ እጅ እጄ ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አሥራ ሁለትም ይበቃኛል።

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲህ ካልተነበበ ምን ይደረጋል» ብሎ ወረቀቱን ሊያጥፈው ሲል፣ ማስቴ እጇን መንጭቃኝ ወጣች።

«ስጡኝ፣ እኔ አነብላታለሁ» አለች። «እማ አትችልም። ሁልጊዜ የማነብላት እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ከሁለተኛ ክፍል ጀምራ የመብራቱን ወረቀት፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የዕድሩን ወረቀት ታነብልኝ የነበረችው እሷ ናት። ወረቀቱን ተቀብላ፣ በክፍል ውስጥ ለንባብ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እኔ እችላለሁ» አልኩ። «ስጪኝ ማስቴ። መ ናት። በ ናት። ተ ናት፣ ጋሼ፣ ተ።»

ማንም አላመነኝም።

ጀመረች። የኔ ንባብ እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው፤ የሷ ውኃ ነው። በአንድ ትንፋሽ አንድ መስመር፣ በአንድ መስመር አንድ ዓመት። አፏን በመዳፌ ያዝኩ። ከንፈሯ ከመዳፌ ሥር ሲሰፋ ተሰማኝ፤ ድምፅዋ በጣቶቼ መሀል እየወፈረ ወጣ። የዩኒፎርሟ ቁልፎች ተራ በተራ ተፈናጠሩ። ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ ፊቷን አወቅኩት፤ ያን ቀን የሸኘሁት ፊት ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«እዚህ ላይ አቁሚ» አልኳት። «ይብቃሽ።»

«ትንሽ ናት የቀረችው እማ» አለችና ወረቀቱን ገለበጠች።

ነቃሁ።

ነግቷል። ፊቴን ሳልታጠብ እውነተኛውን ወረቀት ከሻንጣዬ አወጣሁ። በፌስታል ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት። ማንበብ ከቻልኩ ሰንብቻለሁ፤ አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም። ትንሽ ልጎብዝና ነው እያልኩ አቆየሁት። ፈርቼ ነው።

ደላላው በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፈን ወረቀቱን ያነበበችልኝ ማስተዋል ናት። ሌላ ማን ያነብልኛል? «አንዲት አሮጊት ብቻ ናት የምጦራት ይላል እማ። የራሴ ክፍል አለኝ ይላል። በየእሑዱ ለእናቷ ትደውላለች ይላል» አለችኝ። እኔም ጣቴን ሰጠሁ። ስምንት ወር ሙሉ በየእሑዱ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ የተጻፈ ውል እንዴት ያፈርሳሉ እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ስከስሳቸው ኖሬያለሁ።

ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። ዕድሜ ሃያ አምስት ይላል። አሮጊት አይልም፤ የቤተሰብ ብዛት አሥራ አንድ ይላል። ስልክ የምትይዘው አሠሪው ሲፈቅድ ነው ይላል። ማስቴ ያነበበችልኝን እሑድ ፈለግሁ። ዘልዬው ይሆናል ብዬ ከላይ ጀምሬ ደገምኩት። ከታች ወደ ላይም ሞከርኩ። የለም። የመጨረሻዋን መስመር፣ ከአሻራዬ በላይ ያለችውን፣ ሳልደናቀፍ አነበብኳት። «ይህ ውል በሚገባኝ ቋንቋ ተነብቦልኝ፣ ተረድቼው፣ በፈቃዴ አትሜበታለሁ» ትላለች።